ሰው ያልተቀመጠበት መብራት

የት አገር እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ "እኛን አይደለም" ትላላችሁ፤ ባልነግራችሁ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ድምፄ ከፍ ካለባችሁም ታገሱኝ። ይህን ነገር ረጋ ብዬ ላወራው ስንት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ መሃል ላይ ስደርስ ደሜ ይፈላል።

አገሩ ከፏፏቴ ሥር የተቀመጠ ነው። ውሃው መዘውር ያዞራል፣ መዘውሩ መብራት ይሰጣል። ቦዩን የቆፈሩት የኛው አያቶች ናቸው። ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ግማሾቹ እዚያው ናዳ ተጭኗቸው ቀርተው፣ "ልጆቻችን በብርሃን ይደጉ" ብለው ነው የቆፈሩት። መብራቱ ግን አስቀድሞ የሚሄደው ኮረብታው ላይ ወዳለው የቁጠባ አዳራሽ ነበር። እዚያ ጠግቦ የተረፈው ወደ መንደር ይወርዳል፤ እሱም በፈረቃ።

የቁጠባ አዳራሽ ማለት መብራት እንዴት እንደሚቆጠብ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። እንዲታይ ደግሞ መብራት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ቀንም ሌትም ይበራል። ባዶዎቹ ወንበሮች ሁሉ በየራሳቸው አምፖል አላቸው። ነፋስ በሌለበት ቀን ባንዲራው እንዳያንቀላፋ ከሥሩ ቬንትሌተር ተተክሎለታል። ግንባሩ ላይ "መብራት ቆጥቡ" የሚል ጽሑፍ በአምፖል ተደርድሮ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ሰፈር መብራት ይበላል። የኛ ልጆች ፈረቃው ሲያልፍባቸው ደጅ ወጥተው የቤት ሥራቸውን በዚያ ጽሑፍ ብርሃን ይሠሩ ነበር። ትስቁ ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀናል።

ይህ አዳራሽ በውስጡ ማጥፊያ አልነበረውም። ሲሠራ ግንበኛው "ማጥፊያው የት ይሁን?" ብሎ ቢጠይቅ፣ "ቁጠባን የሚያጠፋ ማን ነው?" ብለው ገሠጹት፤ ሳያደርግለት ቀረ።

አሁን ሕጉን ስሙ። በዚያ አገር የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚነካው ልጅ ብቻ ነው። የወተት ጥርሱን ነቅሎ የጨረሰ ሰው እጁን እንዳያሳርፍበት በአዋጅ ተከልክሏል። ምክንያቱን አዋጁ ራሱ ያትታል፦ ትልቅ ሰው ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ አይማርም፤ ልጅ ግን ይማራል፤ ስለዚህ መብራት በልጅ እጅ ይሁን። በየትምህርት ቤቱም ከፊደል በፊት ማጥፋት ይቆጠር ጀመር። ሕፃናቱ ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው፣ "ሰው ያልተቀመጠበት መብራት ምንድን ነው?" ሲባሉ "ሌባ ነው!" እያሉ ይጮኻሉ። የሹማምንቱ ልጆች ግን እዚያ ሰልፍ ላይ የሉም፤ እነሱ መብራት ወደማይጠፋበት አገር ለትምህርት ተልከዋል።

ልጅ የሌለው ቤት ከጎረቤት ልጅ ይዋሳል። እኔ ልጆቼ አድገው በየፊናቸው ስለሄዱ ተዋሽ ነበርኩ። ማታ ማታ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጎረቤቴን የዘርፌን ልጅ፣ አንጓችን፣ እጠብቃለሁ። ፊት ለፊት ያለውን ጥርሷን ገና ነቅላ ያልተካች ልጅ ናት። ትመጣለች፣ ታበራልኛለች፣ እራቴን ስጨርስ ተመልሳ ታጠፋልኛለች። አንድ ቀን ካበራችልኝ በኋላ ዝናብ ሆነና ሳትመለስ ብትቀር፣ መብራቱ በከንቱ ከሚነድ ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ያጠፋሁት ነው እንጂ ያበራሁት አይደለም፤ ልብ አድርጉልኝ። ክረምቱን ሙሉ ቀኝ እጄን ከወገቤ ጋር አስረውኝ ከረምኩ። ቅጣቱ እንዲህ ነው፤ የነካው እጅ ይታሰራል፣ ፈቺውም ይታሰራል። አንጓች ከዚያ ወዲህ ስታገኘኝ ሁሉ፣ "አባባ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ፤ ዛሬስ አልነኩም?" እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ዘርፌ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቁጠባን እሷ ታውቀዋለች፤ አዳራሽም አላስፈለጋት። ጎህ ሲቀድ መስኮቱን ከፍታ በቀን ብርሃን ትሠራለች። አምፖሏን በጨርቅ ትወለውላለች፤ "አቧራ የለበሰ አምፖል ይበላል እንጂ አያበራም" ትላለች። ድስት ያለ ክዳን አትጥድም። ልብስ የምትተኩሰው አጠራቅማ ነው፤ አንጓች ካውያውን ከነቀለችው በኋላ በቀረው ሙቀት ነጠላውን ትጨርሳለች። ልጇንም ስታስተምራት አትጮኽም። "ለምን ይበራል ብለሽ ጠይቂው" ትላታለች። "መልስ ካለው ተይው፤ መልስ ከሌለው አጥፊው።" ይህች ናት የዘርፌ ትምህርት፤ ከዚህ ሌላ ሲጨመርበት ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ፈንግል ገብቶ የመንደሩን ዶሮ ጨረሰው። ከየቤቱ ጩኸት ጠፋ፤ ጠዋት የሚቀሰቅስ አውራ ዶሮ እንኳ አጣን። ከኔ ዘንድ አንዲት ጠብ ወዳድ ዶሮ ብቻ ተረፈች፤ እሷን ሞትም የፈራት ይመስለኛል። ዘርፌ የምትኖረው በዶሮ ነበርና እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ወንዝ ማዶ ተሻግራ፣ በሽታው ካልደረሰበት አገር እንቁላል ለምና ሰብስባ መጣች። የእንጨት ሳጥን ሠራች፤ ግድግዳውን በጭድ ጠቅጥቃ፣ ከላይ አንድ አምፖል አንጠለጠለችበት። ፈረቃችን ሲሆን አንጓች ታበራዋለች፤ ፈረቃው ሲያልፍ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልለው ሙቀቱን ያቆዩታል። እናትና ልጅ እራታቸውን በጨለማ እየበሉ ለእንቁላሉ ያበሩለት ነበር። መንደሩ ሁሉ ያቺን ሳጥን ይጠብቃል። ጫጩት ከወጣ ለየቤቱ አንዳንድ ልትሰጥ፣ የቀረውን ልታረባ ቃል ገብታለች፤ ካልወጣ ግን ወንዝ ማዶ ሁለተኛ የምትለምንበት ፊት የላትም። የሷና የልጇ ጉሮሮ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው።

የማጥፋት በዓል የደረሰው ይኼኔ ነው።

በዓሉ ሲቃረብ ፈታኞች በየቤቱ ይዞራሉ። የቤቱ ልጅ በፊታቸው መብራቱን ያጠፋል፤ እነሱም እስከ ማግስቱ ጠዋት እንዳይነካ ማጥፊያው ላይ ሰም ያትሙበታል። አላጠፋም ያለ ልጅ ከተገኘ የዚያ ቤት ሽቦ ከምሰሶው ላይ ይቆረጣል፤ ዳግመኛም አይቀጠልም። የዚያን ዓመት ፈታኝ ራሱ ሊቀ ቁጠባ ምንይችል ነበር፤ የአዳራሹ የበላይ። ዱሮ አንቱ እለው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አፌ እምቢ ብሎኛል።

ሁለት ሰዎች ይከተሉታል። አንዱ የሚቀመጥበትን ወንበር ተሸካሚ ነው። ሌላው አምፖል ዳሳሽ ይባላል፤ ሥራው የጠፋ አምፖል በርግጥ መጥፋቱን በጣቱ ነክቶ ማረጋገጥ ነው። አስሩም ጣቶቹ በጨርቅ የተጠቀለሉ ናቸው። እኔ ከዘርፌ ደጅ ቆሜ ነበርና ተከትያቸው ገባሁ።

ምንይችል ለልጅም ለሽማግሌም በአንድ ዓይነት ለስላሳ ድምፅ ነው የሚናገረው፤ የሚያባብል ይመስላል። ሳጥኑን አየ፣ ጎንበስ አለ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ጫጩቶቹ በየቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው መንጫጫት ጀምረዋል። አንዱማ ቅርፊቱን ሰንጥቆ የምንቃሩን ጫፍ ብቅ አድርጓል።

"ከዚህ መብራት ሥር ማን ተቀምጧል?" አለ።

"እንቁላል ነው ጌታዬ" አለች ዘርፌ። "ሊፈለፈል ነው፤ ዛሬና ነገን ብቻ ቢታገሱኝ።"

"እንቁላል ሰው ነው?"

"ሰውማ አይደለም።"

"እንግዲያው ሰው ያልተቀመጠበት መብራት ነዋ።" ወደ አንጓች ዞረ። "ሰው ያልተቀመጠበት መብራት ምንድን ነው፣ ልጄ?"

"ሌባ ነው" አለች አንጓች። ምን ታድርግ፣ በየጠዋቱ ያስጮኋት እሱኑ ነው። ከአፏ እንደወጣ ግን ደነገጠች። ሮጣ ሄዳ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ከአምፖሉ ሥር ዘፍ አለች። "ይኸው ተቀመጥኩበት፤ አሁን ሰው አለው።"

ምንይችል ፈገግ አለ። "ተፈታኝ በፈተና ሰዓት አይቀመጥም። ተነሺ፣ ልጄ።"

ዘርፌ ልጇን አንስታ እሷ ተቀመጠች። "እኔስ?"

"ትልቅ ሰው በቀን መብራት ሥር ከተቀመጠ ሌባው ሁለት ሆነ" አለ፤ ወንበር ተሸካሚው ሳቀለት።

እኔ ከበር ላይ ሆኜ፣ "ኧረ ጌታው፣ ሕይወት ነው እኮ! ስሙት እንጂ፣ ይጮኻል" አልኩ። ምንይችል ወደኔ እንኳ አልዞረም። ዳሳሹ ግን ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠግቶ ሰማ፤ ሰምቶም የተጠቀለሉ ጣቶቹን ማየት ጀመረ።

"ታጠፋለች ወይስ ሽቦው ይቆረጥ?" አለ ምንይችል። ድምፁ አሁንም አልተለወጠም።

ነገሩ ገብቷችኋል? ብታጠፋ እንቁላሉ ይሞታል። ባታጠፋ ሽቦው ይቆረጥና እንቁላሉ ይሞታል፣ ቤቱም ለዘላለም ይጨልማል። ይህን መንታ መንገድ ያቀረቡት ለዳኛ አይደለም፣ ለሽማግሌ አይደለም፤ የወተት ጥርሷን ላልጨረሰች ልጅ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኛ ግን ሞፈሩን ራሳችን ነበር ተሸክመን የምንሰጣቸው።

"እማዬ፣ ምን ላድርግ?" አለች አንጓች።

ዘርፌ ተንበርክካ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። "አጥፊው" አለቻት። "እኔ ነኝ ያዘዝኩሽ። እጁ ያንቺ ነው እንጂ ሥራው ያንቺ አይደለም። ሰማሽኝ? ያንቺ አይደለም።"

አንጓች አጠፋችው። ዳሳሹ አምፖሉን ነክቶ "ጠፍቷል" አለ። ማጥፊያው ላይ ሰም ታተመበት። ምንይችል የልጅቷን ራስ ዳበሰና፣ "እንዲህ ያለ ልብ በዘመኔ አላየሁም፤ ለጫጩት እንኳ ያልራራች። የዓመቱ ምርጥ ልጅ ይህች ናት" ብሎ አወጀ። ወንበሩን አስነስቶ ወጣ። ምስጋና ብሎ የሰጣት ይህን ነው። በሕፃን እጅ ነፍስ አስጠፍቶ፣ በላዩ ላይ ያመሰግናታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ምን ስም እንደሚወጣለት እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ያገኘሁትንም እናንተ ፊት አልናገረውም።

የየቤቱ መብራት ያን ሌሊት ታትሞ ነበር፤ እንቁላሎቹን ለማትረፍ ግን ያላደረግነው የለም። ፍም በገል አድርገን አጠገባቸው ብናኖር፣ እንጨቱ የክረምት እርጥብ ነውና ጢሱ አፈናቸው፤ ባንድ ወገን አቃጠላቸው፣ በሌላው በረዱ። ያቺን ጠብ ወዳድ ዶሮዬን አምጥቼ ላስታቅፋት ብል እጄን ቆንጥራኝ በመስኮት ወጣች። ዘርፌ የቻለችውን ያህል እንቁላል በብብቷና በደረቷ ይዛ፣ በላይዋ ላይ የጎረቤት ጋቢ ሁሉ ተደራርቦባት፣ እንዳትሰብራቸው ሳትተኛ አነጋች።

ጠዋት ስገባ አንጓች ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ነበር።

"ተኝተው ነው፣ እማዬ?"

"አይ" አለች ዘርፌ።

ምንቃሩን ያወጣው ጫጩት ከቅርፊቱ ሊወጣ ትንሽ ነበር የቀረው። ዘርፌ አንድ በአንድ እያወጣች ጭድ ላይ አሰለፈቻቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እሷ ግን ጠብ አላላትም። ፊቷ ከሰል መስሎ ነበር። ልጅቷ፣ "ትምህርቱ ውሸት ነው እንዴ?" አለቻት።

"ማጥፋት ውሸት አይደለም" አለች እናቷ። ከሐዘን እንዳይመስላችሁ፣ ከንዴት ነው የተናገረችው። "በከንቱ የሚነድ መብራት የሌላ ሰው መብራት ነው፤ እሱን ማጥፋት ደግ ነው፣ ሁልጊዜም አጥፊ። ውሸቱ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ መልስ ያለውን አስጠፉን፤ መልስ የሌለውን ግን ማንም አይጠይቀውም።"

በዓሉ ሲውል ከአራስና ከታማሚ በቀር ሰው ሁሉ ከኮረብታው ሥር እንዲሰበሰብ ግዴታ ነው። እዚያ መክፈያ ቤት የሚባል አለ፤ ከፏፏቴው የሚመጣው ሽቦ እዚያ ገብቶ ለሁለት ይከፈላል። ግድግዳው ላይ ሁለት ትልልቅ የብረት እጀታዎች አሉ፤ አንዱ ማንም ዝቅ አድርጎት የማያውቅ የአዳራሹ፣ አንዱ የመንደሩ። በር ላይ ጦር የያዘ ዘበኛ ይቆማል፤ የኛው መንደር ሰው ነው፣ ፀጋዬ ይባላል፣ ዕድሜውን ሙሉ ሊነካው የማይፈቀድለትን እጀታ ሲጠብቅ ኖሯል። የበዓሉ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ የዓመቱ ምርጥ ልጅ በሕዝብ ፊት የመንደሩን እጀታ ዝቅ ያደርጋል። መንደሩ ይጨልማል፤ አዳራሹ ደግሞ የመንደሩን ድርሻ ጨምሮ ያበራል። ያን ጊዜ ሹማምንቱ ያጨበጭባሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን።

ሹማምንቱ አንድም ሳይቀር ከአዳራሹ ወርደው ተሰለፉ። ምንይችል ስለ ቁጠባ ተናገረ፤ ንግግሩን በድምፅ ማጉያ ነበር የሚያደርገው፣ እኛ ግን ከፊቱ ነበር የቆምነው። ለአንጓች በወርቅ ቀለም የተቀባ አምፖል ሸለማት፤ ከውስጡ የምትነደው ክር የለችውም፣ እንዲያው ለጌጥ ነው። አንጓች አምፖሉን ተቀብላ አየችውና መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

"በይ ልጄ፣ እጀታውን ዝቅ አድርጊ" አለ ምንይችል።

"የቱን?"

"የመንደሩን ነዋ።"

"ከመንደሩ መብራት ሥር ሰው አለ" አለች አንጓች። ድምፅ ማጉያው ከአፏ አጠገብ ስለነበር ድምፅዋ እስከ ኋላ ተሰማ። "አራስ አለች፣ የታመሙ ሰዎች አሉ። ከአዳራሹ መብራት ሥርስ ማን ተቀምጧል?"

ምንይችል ሊመልስ አፉን ከፈተ። እሱን የቀደመው አምፖል ዳሳሹ ነው። ተጠይቄ ያልመለስኩ እንደሆነ እቀጣለሁ ብሎ ፈርቶ ይሁን፣ ወይም ያ የሳጥን ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀርቶ፣ እንጃ። "ማንም" አለ። "ሁላችንም እዚህ ነን።"

"እንግዲያው ሌባ ነው" አለች አንጓች፤ የአዳራሹን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ፣ ተንጠልጥላበት፣ ዝቅ አደረገችው።

"መብራት ቆጥቡ" የሚለው ጽሑፍ ድርግም አለ። ቬንትሌተሩ ቆመና ባንዲራው ምሰሶው ላይ ተጠመጠመ። ድምፅ ማጉያው ዝም ስላለ ምንይችል የሚለውን ከፊት ካለነው በቀር የሰማው የለም። "መልሱት! መልሱት!" ነበር የሚለው። ራሱ ወደ እጀታው ሲሮጥ ዘበኛው ፀጋዬ ጦሩን አጋድሞ መንገዱን ዘጋበት።

"ሕጉ ነው ጌታዬ" አለው። "ጥርስዎን ያሳዩኝ።"

እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ ስስቅ ግን አንጀቴ እያረረ ነበር። አዋጁን የጻፉት እነሱ፣ ያተሙት እነሱ፣ እጅ ያሰሩበት እነሱ። የገዛ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። እጀታውን የሚያነሳላቸው ከኛ ልጆች በቀር ማንም የለም። ምንይችል ከረሜላ አስመጥቶ ለሕፃናቱ አደለ። ከረሜላውን ተቀበሉ፤ ልጅ ናቸው፣ ለምን አይቀበሉም። "በሉ እንግዲህ አብሩልን" ሲላቸው ግን አንዱ ጉንጩን በከረሜላ ነፍቶ፣ "ከሥሩ ማን ተቀምጧል?" አለው።

ሹማምንቱ ይህን ሲሰሙ ልብሳቸውን ሰብስበው ዳገቱን በሩጫ ወጡ። እዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ በየባዶው ወንበር ላይ፣ በየጠፋው አምፖል ሥር ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሰው እንዲኖረው ነዋ። "ተቀምጠናል፣ አብሩ!" እያሉ ይጣራሉ፤ ልጆቹ ግን እጀታውን አላነሱላቸውም። ልጆቹን ለምን አልገረፏቸውም ትሉኝ ይሆናል። ሊገርፉማ ፈልገው ነበር። ያን ቀን ግን ከየልጁ ኋላ እናቱ ቆማ ነበር፤ ከየእናቱም ኋላ እኛ ነበርን። ቀድሞውንም እንዲህ መቆም ነበረብን፤ ጫጩቶቹ ሳይሞቱ።

ከዚያ ወዲህ መንደሩ ፈረቃ የሚባል አያውቅም። ለነገሩ ሹማምንቱ መብራት ሲበዛ ሰው የሚያባክን መስሏቸው ነበር። አላባከነም። ልጆቹ አሁንም ያጠፋሉ፤ ከክፍል ሲወጡ ያጠፋሉ፣ ጀምበር ስትወጣ ያጠፋሉ፣ እኔንም ራዲዮኔን ከፍቼ ሳንቀላፋ ሲያገኙኝ ይቆጡኛል። የሚያጠፉት ግን ጠይቀው ነው።

ወንዝ ማዶ ልመና የሄድነው እኛ ነን፤ ዘርፌ ሁለተኛ ለምና እንዳታፍር ብለን እሷን ተውናት፣ መንደሩ ሽማግሌ ልኮ እንቁላል አመጣ። ሳጥኑ እንደገና ተሞላ፣ አምፖሉ እንደገና በራ። የበፊቶቹን ግን የሚመልስ የለም። አንጓች ሳጥኑን ከፍታ ባየች ቁጥር መጀመሪያ ጆሮዋን ትሰጣለች።

በዚያው ሰሞን ቁር ባለበት ጠዋት፣ ምንይችል ብቻውን ወደ ዘርፌ ቤት መጣ። ወንበር ተሸካሚው የለም፣ ዳሳሹ የለም። ልብሱ ካውያ ካየ ቆይቷል። እኔ ከእንቁላሉ ሳጥን አጠገብ ተቀምጬ ነበር። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ መድረኩ ላይ ቆመና ንግግር ጀመረ። ሕዝቡ ቁጠባን ሊረሳ እንደሆነ ተናገረ። ጽሑፉ ካልበራ መቆጠብ እንዳለብን በምን እናውቃለን አለ። ለልጅቷ ትልቅ ሹመት እንደታሰበላት፣ አንዴ ብቻ መጥታ እጀታውን ቀና ብታደርግ እንደሚበቃ አስረዳ። የሆነው ሁሉ በመልካም ልብ እንደሆነ፣ እንቁላሉም ቢሆን ለትልቅ ዓላማ የተከፈለ እንደነበር ሲናገር፣ ምርኩዜን ጨበጥኩ። ዘርፌ በዓይኗ ተው አለችኝ።

ከውጭ የሚገባው ብርድ ጭዱን ያንቀሳቅሰዋል። ዘርፌ ተነስታ ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሳጥኑ ላይ ጣል አደረገችበት።

"ጌታዬ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ" አለችው። "በሩን ከፍተው ሙቀቱን እያባከኑብኝ ነው።"

አልገባም፣ አልወጣምም። አንጓች ሄዳ በሩን ዘጋችበት።